ስለ ሣር አጫጁ የሚጠይቅ የለም

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚበር ሰው የሚፈራው አያጣም። ደመና ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ ሞተሩ ሲያጓራ ያማትባል፤ ክንፉ ሲርገበገብ የማያውቀውን ሰው ክንድ ይጨብጣል። አስተናጋጇንም «አብራሪው ልምድ አለው አይደል፣ የኔ እኅት?» ይላታል። ስለ ሣር አጫጁ ግን ጠይቆ አያውቅም።

መጠየቅ ነበረበት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አገልግሎት ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሲነሣ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ሊመለሱ ሲታገሉ ሞተሮቹ ከዷቸው፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

እርግብ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ሊሳፈር አይደለም፤ ሊበላ ነው። ጣና ቅርብ ነው፣ እህሉም በየዙሪያው ይዘራል፤ የጎደለውን እኛ እንሞላለን። አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት በረራ ሲነሣ ቤተ ዘመዱ ሚኒባስ ሞልቶ ይሸኘዋል። ሸኚ ደግሞ ይርበዋል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ቆሎው ይዘገናል፣ የተረፈው ከነፌስታሉ በመስኮት ይወረወራል። ከዚያ ሁሉም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «በሰላም ያግባህ» ይላል። ምርቃቱና ትራፊው እኩል ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ትራፊው የሚወጣው በወፍ ሆድ ነው።

የሜዳ ጥገና ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ሣሩ ከረዘመ አይጥና ፌንጣ ያረባል፣ ያንን ፍለጋ ጭልፊት ይመጣል። ከተመለጠ ደግሞ ፍሬ ለቃሚው እርግብ ይወድቅበታል። ቦዩ ካልተጠረገ ውኃ ይተኛል፣ የውኃ ወፍ ይሰፍራል። ይህ ሥራ ዛሬ ተሠርቶ ነገ ይደገማል፤ ችግሩም እሱ ነው። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ሕንፃ ነው። «ክቡራን እንግዶቻችን፣ አሁን የተጠረገውን ቦይ መርቃችሁ ትከፍቱልን ዘንድ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ተሳፋሪውም ቢሆን ስለ ጥገና ሲናገር አንደበቱ ርቱዕ ነው። ከፍተሻ ወጥቶ ቀበቶውን እያሰረ «እኛ እኮ መገንባት እንጂ መጠገን አናውቅም» ይላል። ንግግሩን ሲጨርስ የጠጣበትን የወረቀት ኩባያ አበባው ሥር ያስቀምጣል። አጠገቡ የቆመችው ጽዳት ሠራተኛ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች። እሱ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አመሰግናለሁ የሚል ቃል አልወጣውም።

እባካችሁ፣ የቆሻሻ በርሜል ስታገኙ ክዳኑን ግጠሙት። ክዳኑ ተሰብሮ ካገኛችሁት ለሚመለከተው ሰው ንገሩ። «ምን አገባኝ» የሚለውም ቢሆን የሚሳፈረው በዚያው አውሮፕላን ነው።