ጦሳ የተከሰሰበት ጉልበት

ደሴ ላይ ጉልበቱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ምርመራውን ጨርሷል። «ብርድ ነው» ይላል። ብርዱን ማን ላከው? የጦሳ ተራራ! ከተማዋ ከባህር ወለል 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ሰው ከሰው አይተያይም። ስለዚህ ክሱ ምስክር አያጣም። ጉልበት በፎጣ ይጠቀለላል፣ ፎጣው ላይ ጋቢ ይደረባል፣ ተራራውም ጥፋተኛ ሆኖ ይቆማል።

ሕክምናውም የታወቀ ነው፤ ቆላ መውረድ። «እስቲ እህቴ ዘንድ ወርጄ ትንሽ ልሙቅ» ያለው ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደወረደ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ። እህትየው ከበር ትቀበለዋለች፣ እያነከሰች። የእሷ ተከሳሽ ሌላ ነው፤ በላብ ላይ የመታት ነፋስ፣ የቦርከና ወንዝ እርጥበት፣ ልጇ ከጅዳ የላከላት ቬንትሌተር።

ብርድ ያለን ህመም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ይህን የሚክድ የለም። የጉልበትን ልም አጥንት የሚያሳሳው ግን በአብዛኛው ዕድሜ፣ ዘር፣ የቆየ ጉዳትና የሰውነት ክብደት ነው። ዕድሜንና ዘርን ምንም ማድረግ አይቻልም። የክብደትን ነገር ማንሳት ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ቦርጭ ኑሮ ለመሻሻሉ ማስረጃ ሆኖ «አማረብህ» ይባልበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈና ጉልበታቸው የተጎዳ አረጋውያንን መዝኖ፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚቀንስለት አሳይቷል። ጋቢው እንዲያውም ይጨምራል።

ሐኪሙ «ይራመዱ፣ የጭንዎን ጡንቻ ያጠንክሩት፤ ጉልበትን የሚደግፈው እሱ ነው» ሲሏቸው ጋሼ በአክብሮት አንገታቸውን ነቅንቀው ይወጡና «ጉልበቴን ላሳርፈው» ብለው እስከ ጥግ ሱቅ ባጃጅ ይጠራሉ። ከዘራ የሚይዙትም ቢሆኑ በታመመው ጉልበት በኩል ይይዙታል። ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዘራውን በግራ እጁ ነው መያዝ ያለበት፤ ሸክሙን የሚጋራው እንደዚያ ሲሆን ነው። ይህን ስትነግራቸው ግን «ቀኜ እያለ በግራዬ?» ብለው ይቆጣሉ።

ሌላው ጉድ ሪህ ነው። ሰውየው ማታ ኮምቦልቻ ላይ ዱለቱን በቢራ ሲያወራርድ ያመሻል። ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት ያብጥና አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኸዋል። ጉበትና ኩላሊት፣ ሥጋና ቢራ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን ያበዛሉ፤ አሲዱም አንጓ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል። ጠዋት ሲጠየቅ ታዲያ ምን ይላል? «አቦ፣ መስኮት ተከፍቶ አድሮብኝ ነው።»

ፍል ውሃ የሚወርዱትን ግን አልነካም፤ ታላቅ አርአያ አላቸው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አካባቢውን ቢወዱት በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሙቅ ውሃ የደረቀ አንጓን ያፍታታል፣ ይህ እውነት ነው። ስህተቱ «ዳንኩ» ብሎ ኪኒንን ውሃው ዳር ጥሎ መመለሱ ነው።

የሴቶቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አብጠውና ደርቀው ለሰዓት ያህል አልታጠፍ የሚሏት እናት «ልብስ ያጠብኩበት ቀዝቃዛ ውሃ ነው» ብላ ታልፈዋለች፤ አንዴ ዋግምት፣ አንዴ ወጌሻ ትሞክራለች። ይህ የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጓ የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕክምና ካገኘ ይገታል፤ ከዘገየ ግን ጣት እንደተጣመመ ይቀራል። ያበጠ አንጓ በወጌሻ ሲታሽ ምን እንደሚሆን ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ሌላ ሰልፍ አለ። ሐኪም ለአንዱ ያዘዘው ዳይክሎፌናክ በጎረቤት ምስክርነት ለሰፈሩ ሁሉ ይታዘዛል፤ «እኔን ያዳነኝ አንተን ይገድልሃል?» ይባላል። ኪኒን የሚንቀው «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» ብሎ ይሟገታል። መድኃኒቱ ህመም ያስታግሳል፤ ያለ ሐኪም ለወራት ሲዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ጨጓራው ማቃጠል ሲጀምር ሰውየው ቆምጨጭ ብሎ ይወስናል፤ ከዛሬ ጀምሮ በርበሬ ከቤቱ አይገባም። ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ይውጥና አልጫ እንዲሠራለት ያዛል።