ርካሹን ቢራ ማን ቀምሶት ያውቃል?

እኛ ርካሽ ቢራ ገዢዎች ነን። ቶሮንቶም ሆነ ኦታዋ፣ ካልጋሪም ሆነ ኤድመንተን፣ ከፈረቃ ወጥተን ስድስት ጣሳ አንጠልጥለን የምንገባ፣ ክርስትና ወይም ልደት ሲኖር ደግሞ ሃያ አራቱን በካርቶን ተሸክመን የምንመጣ ሰዎች ነን። ብዙ አልጠየቅንም። ሜዳሊያ የተሸለመ ቢራ አምጡልን አላልንም። ገብሱ የሚታወቅ፣ መራራነቱ ምላስ ላይ ጥቂት የሚቆይ፣ ዋጋው ኪስ የማይጎዳ ቢራ ነው የጠየቅነው። ያገኘነው ግን ጣጣ ነው።

ከአገር ቤት ዘመድ ይመጣል። ሻንጣው ሳይፈታ ጣሳ ይከፈትለታል። «የካናዳ ቢራ እንዴት ነው?» ይለናል። እንጎነጫለን፣ እንተያያለን፣ «ቀዝቃዛ ነው» እንላለን። ሌላ የምንለው የለንም። ስንት ዓመት ጠጥተነው ሌላ የምንለው የለንም! ምላሳችን ስለሰነፈ አይደለም። ከጠመቃው እስከ መደብሩ፣ ከመደብሩ እስከ ማቀዝቀዣችን ያለው ነገር ሁሉ ቢራውን እንድንውጠው እንጂ እንድንቀምሰው ስላልተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው። ማስታወቂያው በረዶ ነው፣ ሥዕሉ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፣ የጣሳው መፈክር ቅዝቃዜ ነው። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ፣ ሬስቶራንት ስንሄድ ደግሞ ብርጭቆው ራሱ ከፍሪዘር ወጥቶ ግግር ለብሶ ይመጣል። ላገር ቢራ ጣዕሙ የሚለየው ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ምላስ ይደነዝዛል፣ ሽታውም ከብርጭቆው አይነሳም። በረዶ በሆነ ብርጭቆ ውስጥ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ነው። ታዲያ በምን እንፍረድ?

ቀጥሎ ውስጡ። ብዙዎቹ ርካሽ ላገሮች ከገብስ ብቅል ጋር የበቆሎ ሽሮፕ ወይም ሌላ ርካሽ እህል ይገባባቸዋል። ይህ አልኮሉን ይሰጣል፣ ወዝ ግን አይሰጥም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ቢራውን አወፍረው ጠምቀው፣ ወደ ጣሳ ከመግባቱ በፊት በውኃ ማቅጠን የተለመደ አሠራራቸው ነው። የመራራነቱ መለኪያ በዚህ ዓይነት ላገር ከ8 እስከ 18 ሲሆን፣ ቼኮች ፒልስነር ብለው የሚያቀርቡት ከ30 እስከ 45 ይደርሳል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም አረፋ አላቸው፣ ሁለቱም ላገር ይባላሉ። የኛው ግን ጌሾ ያልነካው ጠላ ይመስላል። ጣዕሙ በስህተት የጠፋ ቢሆን ኖሮ እንታገሥ ነበር። ማንንም እንዳያስከፋ ተብሎ፣ ታስቦበት፣ ተለክቶ ነው የተቀነሰው። ማንንም ላለማስከፋት የተጠመቀው ቢራ እኛን አስከፋን።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ብስኩት ስንገዛ ከምን እንደተሠራ ተዘርዝሮ እናነባለን። ጭማቂ ስንገዛ እናነባለን። ቢራ ስንገዛ ግን ባዶ ነው፤ በካናዳ ደንብ ቢራ የተሠራበትን ነገር በዝርዝር የመጻፍ ግዴታ የለበትም። መቼ እንደታሸገ ለማወቅ ጣሳውን ገልብጠን፣ መነጽር አድርገን፣ ወደ መብራት አስጠግተን ታቹ ላይ ያለውን ቁጥርና ፊደል እናያለን። ቀን ይሁን የማሽን ቁጥር አይለይም። ጠርሙሱ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ለቢራው እንደ ጌሾ ከሚሆነው ከሆፑ መራራ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ቢራው ይገማል። ቡናማው ጠርሙስ በተሻለ ይከላከላል። ይህ ለጠማቂ ሁሉ የታወቀ ነው። ሆኖም ነጩ ጠርሙስ አሁንም ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር ተደርድሮ ይጠብቀናል፤ እኛም ገማ ብለን የምናማው ማቀዝቀዣችንን ነው።

ቀጥሎ ባለቤቱ። ጣሳው ላይ የሜፕል ቅጠል አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ጥድ አለ። የአገር ቢራ እንጠጣ ብለን እናነሳለን። ላባት እ.ኤ.አ. በ1847 ለንደን፣ ኦንታርዮ የተመሠረተ ነው፤ ከ1995 ጀምሮ ግን ቤልጅየም ባለ ኩባንያ እጅ ነው። ሞልሰን ከ1786 ጀምሮ የሞንትሪያል ስም ነው፤ በ2005 ከአሜሪካው ኩርስ ጋር ተዋሐደ። ስሊማንን በ2006 የጃፓኑ ሳፖሮ ገዛው። ሌከር የሚባለውን ርካሽ ቢራ የሚጠምቀውን ዋተርሉ ብሩዊንግ ደግሞ በ2023 የዴንማርኩ ካርልስበርግ ወሰደው። የውጭ ባለቤት ነውር አይደለም፤ እኛም ከውጭ የመጣን ነን። የሚያናድደው መደርደሪያው ፊት ቆመን ይኼን ላንሳ፣ ያንን ላንሳ ስንል የምናማርጠው አብዛኛው የጥቂት ኩባንያዎች ልጆች መሆኑ ነው። ሰማያዊው ሰለቸን ብለን ቀዩን እናነሳለን፣ ቀዩ ሰለቸን ብለን ብርማውን እናነሳለን፣ ቤት ገብተን ያንኑ እንጠጣለን።

ቀጥሎ ዋጋው። ርካሽ ይባላል እንጂ ርካሽነቱ የት አለ? ኦንታርዮ ውስጥ ቢራ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል የዋጋ ወለል ተደንግጎ ነበር። በ2018 የክፍለ ሀገሩ መሪ ዳግ ፎርድ ወለሉን ከ1.25 ወደ 1 ዶላር አውርደው «ቢራ በአንድ ዶላር» ተብሎ ተለፈፈ። ደስ አለን። ግን ጠማቂዎቹን ያስገደዳቸው አልነበረም፤ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ፣ እነሱም ብዙም ሳይቆዩ ዋጋቸውን መልሰው ከፍ አደረጉ። የፌዴራሉ የቢራ ቀረጥ ደግሞ ከ2017ቱ ሕግ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ወር መግቢያ ላይ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት በራሱ ከፍ ይላል። ቀረጡ የሚሰላው በመጠን እንጂ በዋጋ አይደለም። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡት ውዱና ርካሹ ጣሳ ያንኑ ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ከዋጋው አንጻር ሲታይ ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ርካሹን የሚጠጣው ነው። እኛ ነን።

ርካሹን ፍለጋ ድንበር እንሻገር ብንልስ? ኦታዋ ያለን ሰዎች ድልድዩን ተሻግረን ኩቤክ እንገባለን፤ እዚያ ቢራ ረከስ ይላል። ነገር ግን የአንድ አገር ክፍለ ሀገሮች በቢራ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ እንደ ባዕድ ሲተያዩ ኖረዋል። የኒው ብራንዝዊኩ ዤራር ኮሞ በ2012 ከኩቤክ 354 ጠርሙስና ጣሳ ቢራ ከሦስት ጠርሙስ መጠጥ ጋር ጭኖ ሲመለስ ተይዞ ከ290 ዶላር በላይ ተቀጣ። ሙግቱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2018 ለክፍለ ሀገሩ ፈረደ። አንድ ጡረታ የወጣ ሰው በገዛ አገሩ ውስጥ ርካሽ ቢራ በመግዛቱ ዘጠኝ ዳኞች ፊት ጉዳዩ ቀረበ። ይህን ያህል ጭንቅ ለዚህ ቢራ ነው!

ጠጥተንም አላረፍንም። በእያንዳንዱ መደበኛ መጠን ባለው ጣሳና ጠርሙስ ላይ፣ ባዶውን ስንመልስ የሚመለስ 10 ሳንቲም ማስያዣ ከፍለናል፤ በሃያ አራቱ ካርቶን 2 ዶላር ከ40 መሆኑ ነው። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ኦንታርዮ ውስጥ ቢራ በየሰፈሩ ሱቅ ይሸጣል። ደስ አለን። ከዚያ ወዲህ ግን ባዶውን ከሚቀበሉት የቢራ መደብሮች በርካቶቹ ተዘጉ። መግዣው በዛ፣ መመለሻው አነሰ። የሚንጠባጠብ ከረጢት ይዘን አውቶቡስ እንሳፈራለን፣ እንሰለፋለን፣ እጃችን ይጣበቃል፣ ልብሳችን ይሸታል፣ ተሳፋሪውም እኛኑ ጠጪ አድርጎ ያየናል።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አዋቂዎቹ አሉ። ከትንንሽ ጠማቂዎች ቤት ሆፑ የበዛ ቢራ የሚገዙ፣ የኛን ጣሳ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ። ቀምሰውት ቢሆን እንሰማቸው ነበር። ዋጋውን አይተው ነው የፈረዱት። ርካሽ ነውና መጥፎ ነው ማለት ፍርድ አይደለም፣ ውድ ነውና ጥሩ ነው እንደማለት ነው።

ስለዚህ እኛው እንፍረድ። ጣሳውን አውጥታችሁ ትንሽ ለቀቅ እስኪል ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ በንጹሕ፣ ባልቀዘቀዘ ብርጭቆ ቅዱት። ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ፣ ጥርት ያለ ነው። አረፋው ነጭ ሆኖ ይነሳል፤ «ለጤናችን» ብለን ብርጭቆ እስክናጋጭ ግን ዳር ዳሩን ይዞ ይቀራል። አሽትቱት። የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ በበቆሎው አትፍረዱ፤ ከገብሱ ብቅል የሚመጣ፣ በደንብ ሲፈላ በእንፋሎት መውጣት የነበረበት ነገር ነው። አረንጓዴ ፖም ከሸተተ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቸኩሏል። ተጎንጩት። መጀመሪያ ቀለል ያለ ጣፋጭነት አለ፣ ቀጥሎ የጋዙ መውጋት አለ፣ ከዚያ መራራው ሊመጣ ሲል ሁሉም ያልቃል። መጥፎ ነው? አይደለም። ፈዛዛ ላገር ጉድለት የሚደበቅበት ቦታ የለውም፤ በዚህ ብዛት፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ አድርጎ መጥመቅ ትልቅ ሙያ ነው። ሙያውን እናከብራለን። ያንን ሙያ ይዘው ጣዕሙን የነፈጉን ነው የሚያናድደን። ንጹሕ ነው፣ ባዶ ነው፤ ፍርዳችን ይኸው ነው።

የምንጠይቀውም ይኸው ነው። የታሸገበትን ቀን በወርና በቀን፣ በሚነበብ ፊደል ጻፉልን። ውስጡ ምን እንዳለ ጻፉልን። ነጩን ጠርሙስ ከመብራት ሥር አንሱልን። ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ብርጭቆውን ከፍሪዘር አውጡልን። ቀረጥ የምትተምኑ፣ ርካሹን የሚጠጣውን ሰው አስቡት። ጠማቂዎችም ትንሽ ብቅል፣ ትንሽ ሆፕ ጨምሩበት፤ በሳንቲም የሚቆጠር ጭማሪ ከሆነ እንከፍላለን። ሠርቶ የደከመ ሰው ማታ የሚጠጣው አንድ ጣሳ ጣዕም ሊኖረው ይገባል።