ስድስቱ የት ተጻፈ?

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁልኝ ልቀጥል።

መንዝ ጓሳ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ሜዳ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድ ያድራል። ጠዋት ሜዳው አመዳይ ለብሶ፣ ጅብራው እዚያም እዚህም ተገትሮ ይታያል። ሰዎቹ ጓሳውን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እያጨዱ፣ ሲያስፈልግም በአባቶች ሥርዓት እየከለከሉ ለዘመናት ኖረውበታል። አራዊቱ ደግሞ ከሰዎቹ አንድ ነገር ቀስመው ነበር፦ የገና ጨዋታን።

ላይኞችና ታችኞች የሚባሉ ሁለት ወገኖች ነበሩ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይገናኛሉ፤ ሩሩን እየለጉ ወደ ባላጋራ ወሰን ይነዳሉ። ከየወገኑ ስምንት ይሰለፋል፤ አምስቱ ሜዳ ይገባሉ፣ ሦስቱ ጥግ ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የሰዎቹ ገና እንዲህ ያለ የተቆጠረ ነገር አልነበረውም፤ መንደር ከመንደር ሲገጥም ዱላ ያለው ሁሉ ዘው ይላል። አራዊቱ ግን ቁጥር ይወዱ ነበር። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የላይኞቹ ስምንት እነዚህ ነበሩ፦ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ሰስ፣ እመት ሚዳቋ፣ አነር፣ እመት ጥንቸል፣ እመት ሽኮኮና አያ ጃርት። የተሸነፈ ወገን ለአሸናፊው ከአውድማ የተቃረመ 20 ቁና ገብስ ይከፍላል። ላይኞቹ ሲያሸንፉ ክፍፍሉ አነጋግሮ አያውቅም፤ ለስምንቱ ሁለት ሁለት ቁና፣ የተረፈው 4 ቁና ዓይኗ ለጠፋ አሮጊት ሰስና እሷን ለመሰሉ አቅመ ደካሞች። (ቀይ ቀበሮ ገብስ አይቀምስም። ግን ገብስ ካለበት አይጥ አይጠፋምና ድርሻውን አንድም ቀን ትቶ አያውቅም።)

አንድ ዓመት 9 ለ 2 አሸነፉ። ገብሱ ሊሰፈር ሲል ቁራ ከጅብራው ጫፍ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ ልጠይቅ» አለ። «ሩሩን አምስት ጊዜ ያገባው ጭላዳና አንድም ጊዜ ያላገባችው ሽኮኮ እኩል ይብሉ? ሰነፉም ጎበዙም እኩል የሚጎርስበት ቤት ቆሞ አያውቅም። ውጤት ተኮር እንሁን። እኔ ከላይ ሆኜ ሁሉን አያለሁ፤ ማን ለድሉ ስንት እንዳዋጣ መዝግቤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ልደርድራችሁ።»

ጭላዳ ደረቱን ነፋ፤ ያ ቀይ ደረቱ ይበልጥ ቀላ። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው በልባቸው «እኔ መቼም ከአራተኛ አልወርድም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስምንት ሆነው ስምንቱም ከአራተኛ በላይ እንዴት እንደሚሆኑ ያሰላ አልነበረም። በዚያው ቀን ቁራ ጸሐፌ ቁራ ተባለ፤ «አንተ» የሚለውም ጠፋ።

አደላደሉ ቀላል ነበር። አንደኛው 5 ቁና፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 3፣ አራተኛው 2፣ አምስተኛው 1፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ግማሽ ግማሽ፣ ስምንተኛው ባዶ። ድምሩ ያው 16 ነው። የአቅመ ደካሞቹ 4 ቁናስ? እሱ «ለመዝገብ ሥራ ማስኬጃ» ተባለ። አሮጊቷ ሰስ ስብሰባው ላይ ስላልነበረች ተቃውሞ አልቀረበም።

የመጀመሪያው ዓመት መለኪያ ሩሩን ማን አገባው የሚል ብቻ ነበር። ጭላዳ አምስት፣ ቀበሮ ሦስት፣ ሰስ አንድ። የቀሩት አምስቱ ምንም ስላልነበራቸው ጸሐፌ ቁራ በቁመት ደረደራቸው። እየቀለድኩ አይደለም፤ ሠንጠረዥ ባዶ ቦታ አይወድም። ሚዳቋ በእግሯ ርዝመት አራተኛ ወጣች፣ አያ ጃርት ስድስተኛ ሆነ፣ ሽኮኮ ባዶ አቁማዳዋን አንከርፍፋ ወደ ገደሏ ገባች።

ማጉረምረም ተነሣ። ጸሐፌ ቁራም «ልክ ናችሁ፣ መለኪያው ይሻሻላል» አለ። በሁለተኛው ዓመት ይዞት የመጣው ደመርና ቀነስ የሚባል ዘዴ ነበር። ወገንህ ግብ ሲያገባ ሜዳ ውስጥ ከነበርክ አንድ ይደመርልሃል፤ ሲገባበት ከነበርክ አንድ ይቀነስብሃል። ማን እንደለጋው አይጠየቅም።

እዚህ ላይ ተረቴን ገታ ላድርግ። ይህን ዘዴ ቁራ አልፈጠረውም። የእኛ ገና የሩቅ ዘመድ በሆነው የበረዶ ሆኪ፣ የሞንትሪያሉ ካናዲየንስ ቡድን በ1950ዎቹ ተጫዋቾቹን እንዲህ እየደመረና እየቀነሰ ይመዝን ነበር፤ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግም ከ1967–68 የውድድር ዘመን ጀምሮ በይፋ ይዞታል (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1970–71 የቦስተኑ ተከላካይ ቦቢ ኦር ደመር 124 አስመዘገበ፤ እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። ስለ ኦር ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዘዴው ጋር ነው፤ አጠገብህ ማን እንደቆመና ፊት ለፊትህ ማን እንደመጣ አይጠይቅም። እዚያው ሊግ ውስጥ ለቡድኑ እጅግ ጠቃሚ ለተባለ ተጫዋች ከ1924 ጀምሮ የሚሰጥ ሐርት የሚባል ዋንጫ አለ። በረኛው ዣክ ፕላንት በ1962 ከወሰደው በኋላ፣ ዶሚኒክ ሃሼክ በ1997 እስኪያነሣው ድረስ ለ35 ዓመት አንድም በረኛ አልነካውም። 35 ዓመት ሙሉ በረኞቹ ሁሉ ተኝተው ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

ወደ ጓሳ እንመለስ።

የታችኞቹ አስፈሪ አያ ጅቦ ነበር። እሱ ሜዳ ሲገባ ከላይኞቹ መካከል አያ ጃርት ይገባል፤ ሲወጣ ይወጣል። ማንም አላዘዘውም፤ ሌላው ሁሉ ያኔ ድካም ድካም ስለሚለው ነው። አያ ጃርት ሩር አይለጋም ማለት ይቻላል። ሥራው ሌላ ነበር። ጅቡ ዱላውን ከትከሻው በላይ ሲያነሣ፣ ጃርት ጀርባውን ሰጥቶት ይቆምና የጭራውን ባዶ ቀፎ እሾኾች አንዴ ያንሿሿቸዋል። ሿ! ያቺን ታህል ብቻ። ጅቡ ግማሽ እርምጃ ያመነታል። ግማሽ እርምጃ ያመነታ ለጊ ሩሩን በዱላው ቆልማማ ጫፍ ሳይሆን በጎኑ ያገኘዋል፤ ሩሩም ወሰኑን ስቶ ጓሳው ውስጥ ይሰወራል። ተመልካቹ «አያ ጅቦ ዛሬ እጁ ተሳሰረ» ይላል።

ያን ዓመት ላይኞቹ 7 ለ 4 አሸነፉ። መዝገቡ ተነበበ። ጭላዳ አንደኛ። ሁለተኛ እመት ሚዳቋ! አንድም ሩር ሳትነካ። ብልሃቷ አንድ ነበር፤ ጭላዳ ሲገባ ትገባለች፣ ሲወጣ ትወጣለች፤ ከጥላው አትለይም። ስምንተኛ አያ ጃርት፤ ቀነስ ሦስት።

ጃርት ብዙ አይናገርም። ያን ቀን ግን ወደ ጅብራው ሥር ተጠጋ።

«ጸሐፌ ቁራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አያ ጅቦ ከእኔ ፊት አሥር ጊዜ ዱላ አነሣ። አራቱ ገብቷል፤ አልክድም፣ ተቀንሶብኛል። ስድስቱ የት ተጻፈ?»

«የትኛው ስድስት?»

«ያልገባው ስድስት።»

ጸሐፌ ቁራ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። «ስማ ጃርት፣ መዝገብ የሆነውን ይጽፋል እንጂ ያልሆነውን አይጽፍም። ያልገባ ሩር ብዙ ነው፤ ትናንት ማታም አልገባም፣ ከነገ ወዲያም አይገባም። ያን ሁሉ ላንተ ልደምርልህ?»

ሳቅ ሆነ። ጃርትም አብሮ ፈገግ አለ ይባላል፤ እኔ አልመሰለኝም።

ቁራ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ጥያቄው ሌሊቱን ከነከነው። በጥርና በየካቲት ሌላ ሙከራ አደረገ፦ በየሳምንቱ አንድ ተጫዋች እያስቀረ ከጎረቤት ጋር ያጋጥማቸው ጀመር። ማን ሲጎድል እንደሚሸነፉ ይታይ አለ። ጭላዳ የቀረ ዕለት ተሸነፉ፤ ግን ዝናብ ነበር። ጃርት የቀረ ዕለት አሸነፉ፤ ግን የጎረቤት ወገን ጅብ አልነበረውም። ጥንቸል የቀረች ዕለት እኩል ወጡ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ጸሐፌ ቁራ «እርግጠኛ ለመሆን መቶ ያህል ጨዋታ ያስፈልገኛል» አለ። ገና በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ደረጃው ግን ጸና።

ሦስተኛው ዓመት ከመድረሱ በፊት ላይኞቹ ተለውጠው ነበር። መለኪያ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ተመዛኙ ነው፤ ቢሮ ውሎ ለሚገባ አንባቢ ይህን ማብራራት ድፍረት ይሆንብኛል። ጭላዳ ሩር ማቀበል ተወ፤ የተቀበለው ባያገባስ? ሚዳቋ ከጭላዳ ጥላ እንዳትወጣ አንገቷን አዙራ እሱን ብቻ ታያለች። ቀይ ቀበሮ አያ ጅቦ ሲገባ እግሩን ወለም ይለዋል፤ ጅቡ ሲወጣ ይድናል። እንዲያ ያለ ፈዋሽ ውሃ ጓሳ ላይ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። የሠፈሩ ግልገሎችም ሲጫወቱ ሁሉም «እኔ ጭላዳ ነኝ» ይላሉ። የጃርት ልጅ ሳይቀር።

የገና ዕለት ሜዳው እንደ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ነበር። ሩሩ በአመዳዩ ላይ እየተንሸራተተ ይፈጥናል። አያ ጅቦ ሁለት ተከታዮች ጨምሮ መጣ። ኋላ የቆመው አያ ጃርት ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኙ ባዶ። አንዱን ጅብ ሿ ሲያደርገው ሩሩ ለሌላው ይደርሳል፤ ወደዚያ ሲዞር ሦስተኛው ይለጋል። ጃርት እስኪመሽ ዞረ። ከፊት በኩል ጭላዳ ሦስት አገባ፤ ሦስቱንም ብቻውን። ውጤቱ 11 ለ 3 ሆነና ታችኞቹ ማታ ማታ የሚወርድ ሽሙጥ በዜማ እያወረዱባቸው ሄዱ። በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላልና ላይኞቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ሰሙ።

አሁን 20 ቁና መክፈል መጣ። በድሮው ልማድ ሽንፈትም እንደ ድል እኩል ነበር፤ እያንዳንዱ ሁለት ቁና ተኩል ያዋጣል። ጸሐፌ ቁራ ግን «ድሉን በየአስተዋጽኦው ተካፍለን ሽንፈቱን በጅምላ ልንሸከም ነው እንዴ? ዕዳውም ውጤት ተኮር ይሁን» አለ። ማንም መልስ አላገኘለትም፤ በእርግጥም ከራሱ ከመዝገቡ የመነጨ ሐሳብ ነበር።

ግምገማው ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ባለፈው ዓመት አንደኛ ልሁን ብሎ የተጋፋው ሁሉ ዛሬ ስምንተኛ ለመሆን ተጋፋ። ጭላዳ ሦስቱን ግብ ያገባ በመሆኑ ከዕዳ ነጻ ሆነ። ሚዳቋ አንዲት ቁና ተጣለባት። ቀበሮ «ታምሜ ነበር» ስላለ ታዘነለት። በመጨረሻ ዝርዝሩ ተነበበ፦ ለሽንፈቱ አንደኛ ተጠያቂ አያ ጃርት፤ 11 ግብ ሲገባ አሥራ አንዱንም ጊዜ ሜዳ ውስጥ ነበር። 6 ቁና ይክፈል።

ጃርት ተነሣ። አመዳይ እሾኹ ላይ ደርቆ ያብረቀርቅ ነበር።

«ጸሐፌ ቁራ» አለ፣ «ስታሸንፉ እኔ ስምንተኛ ነኝ፤ ብኖርም ባልኖርም ለውጥ የለኝም ተብሏል፣ ተጽፏልም። ታዲያ ለማሸነፍ ያላስፈለግሁት እኔ፣ ሽንፈቱን ብቻዬን እንዴት ቻልኩት?»

ዝም ዝም ሆነ። ጭላዳ ሣር መንጨት ጀመረ። እመት ሽኮኮ ብቻ «ኧረ ልክ ነው» ለማለት አፏን ከፈት አድርጋ፣ የራሷን ግማሽ ቁና ዕዳ አስታውሳ መልሳ ገጠመችው።

ጸሐፌ ቁራ «የቀረበው ጥያቄ ከአጀንዳው ውጪ ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የመዝገብ ሥራ ማስኬጃውን 4 ቁና ከአቅመ ደካሞቹ ጎተራ ሰፍሮ ወሰደ፤ ሽንፈትም ቢሆን መጻፍ አለበትና።

ጃርት በሦስት ቀን ውስጥ 6 ቁናውን ከፈለ። ከየት እንዳመጣው በመዝገቡ አልተጻፈም።