ፈቃድ አለኝ፣ ፈቃድ የለኝም

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው በመስታወት ፍሬም የተሰቀለው ንግድ ፈቃዴ ነው። ሁለተኛው በስኮች የተለጠፈው የሠራተኞቼ የዓመት ፈቃድ ሰሌዳ ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሲኖሩ አንድም ቀን አስተያይቻቸው አላውቅም። ያስተያየችልኝ የሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ባለፈው ሰኔ የራሷን ቀኖች በቢጫ ቀብታ ስታበቃ ሰሌዳውን ትኩር ብላ አየችና፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ፈቃድ መቼ ነው?» አለችኝ። እኔም ኮራ ብዬ ባለመስታወቱን አሳየኋት። «ያውልሽ፤ ታድሶ ተሰቅሏል!»

እሷ ሳቀች፤ እኔን ግን ቀልዱ መልሶ ያዘኝ። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶን ሳለ፣ አንደኛውን ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁለተኛውን እንዳያገኝ የከለከለው ማን ነው?

አዋጁ እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሠራተኞቼ አያስረሱኝም። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። አንድ ዓመት ያገለገለ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይወጣል። ሚስቱ የወለደችለት አባት ደግሞ 3 ቀን ከነደመወዙ ያርፋል። ዲዛይነራችን ሦስቱንም ቀን ሳያስነካ ወስዶ፣ ልጁን ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ ላከልን። የእኔ ሁለተኛ ልጅ ስትወለድ እኔ የምርቃት ባነር ላስረክብ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ መልኳን ያየሁት በቴሌግራም ነው። አሠሪዬን ልክሰስ ብዬ ነበር፤ ሳጣራ አሠሪዬ እኔው ነኝ።

ድሮ ቅጥር ነበርኩ። ጠዋት 2፡30 ገብቼ 11፡30 እወጣለሁ። «የራሴ አለቃ ልሁን» ብዬ ለቀቅሁና ማተሚያ ቤት ከፈትኩ። እንዲህ ያለ ክፉ አለቃ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የድሮው አለቃዬ ቢያንስ ቤቴን አያውቀውም ነበር። ይኸኛው አብሮኝ ለራት ይቀርባል፣ አብሮኝ ይተኛል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀስቅሶ «የዚያ ሰውዬ ካርድ ወረቀቱ ስንት ግራም ነበር?» ይለኛል።

ብቻዬን አለመሆኔ ያጽናናኛል። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ባለሱቆች፣ የቤት ዕቃ ሠሪው፣ የመለዋወጫ ነጋዴው፣ ባለዳቦ ቤቱና እኔ፣ ማኪያቶ ይዘን እንቀመጣለን። ወሬያችን ውድድር ነው።

«ትናንት የተኛሁት 6 ሰዓት ነው» ይላል አንዱ።

«ታድለህ! እኔ መች ተኛሁና!» ይላል ሌላው።

«ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ የነገረኝ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኙ ነው» ይላል ሦስተኛው፤ ያሸንፋል።

ጊዜ የለንም ለመባባል ሁለት ሰዓት ከተቀመጥን በኋላ «ለልጆቻችን ብለን እኮ ነው» ተባብለን ወደየሱቃችን እንበተናለን። ልጆቻችን ቤት ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ልንዘጋ ስንል አንድ ደንበኛ እያለከለከ ገባ። ለነገ ጠዋት የሚደርስ ባነር፣ 3 ሜትር በ2። እሑድ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለሥራ ፈጣሪዎች ሥልጠና ይሰጣል። ርዕሱም «ሥራን፣ ዕረፍትንና ቤተሰብን ማመጣጠን» ነው። ማናችንም አልሳቅንም። አስቸኳይ ነው ብዬ ዋጋ ጨመርኩና ዲዛይነሩን ከታክሲ ሰልፍ አስመለስኩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሰውየው ደወለ፦ «"ዕረፍት" የምትለዋ አንሳብኛለች፤ ተለቅ ትበልልኝ።» አተለቅናት።

ባነሩ ከማሽኑ ሲወርድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ያቺን ግዙፍ «ዕረፍት» ሳያት ደነገጥኩ። በእኛ ማተሚያ ቤት ይህች ቃል እንዲህ ገዝፋ የምትታተመው ዜና ዕረፍት ላይ ብቻ ነው። «እገሌ አረፈ» ስንባል መቼም ሶደሬ ሄዶ ነው ብለን አንጠይቅም። ለካ የማናርፈው ሥራ በዝቶብን ብቻ አይደለም፤ «ላርፍ ነው» ብንል ዕድሩ ድንኳን ይዞ እንዳይመጣ ፈርተን ነው።

አያቴ ገበሬ ነበር። ቅዳሜና እሑድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሞፈር አይነካም። ልንካ ቢል ጎረቤት አይምረውም፤ በዓል የሻረ ሰው የአገሩን ሰብል በበረዶ ያስመታል ይባላላ። እኛ ተምረን ከተማ ስንገባ «ያደኸየን በዓል ማብዛት ነው» ብለን ሳቅንበት። አሁን ሳሰላው፣ ቅዳሜንና እሑድን ብቻ ብንቆጥር እንኳ የአያቴ በሬ በዓመት 104 ቀን ፈቃድ ነበረው፤ ያውም ያለ ንግድ ፈቃድ። እኛ «ሥራ ፈጣሪ» ሲሉን ደረታችንን ነፍተን ስሙን ተቀበልን። ፈጣሪስ ቢሆን በሰባተኛው ቀን ማረፉን ማን ያስታውሰን?

ደግሞ ሚዛን ሚዛን እንላለን። ሚዛኑን የያዘው ማን እንደሆነ ግን አንነጋገርም። የያዘው ነጋዴው ነው። ገበያ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ነጋዴ ሲመዝን አንዲት ጣቱ በወደደው በኩል ዘንበል ትላለች። የእኛ ጣት «ለልጆቼ ብዬ ነው» ትባላለች፤ ሁልጊዜ የምትጫነው በሥራው ወገን ነው። ከእኛ አካል ውስጥ ዐርፋ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ናት።

የዚህ ሁሉ መነሻ «ያለ እኔ አይሄድም» የምትለዋ እምነታችን ናት። የእኔዋ እምነት የተፈተነችው ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ስልኬን ደበቀችው። በአራተኛው ቀን ሱቅ ስሄድ በር ላይ ተሰልፎ የሚያለቅስ ደንበኛ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሥራው ተሠርቷል። ገንዘቡ በቴሌብር ገብቷል። በሠርግ ካርዶቹ ላይ እኔ ዘወትር የምሳሳተው ቀን እንኳ ልክ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ዕረፍት የምናጣው ሥራው ስለሚፈልገን ይመስለን ነበር፤ እንደማይፈልገን እንዳናውቅ ፈርተን ኖሯል።

ወደዚያ ሰኔ ልመለስ። ሰኔ 30 አልፎ ሐምሌ 1 ሲጠባ የበጀት ዓመቱ ይለወጣል፤ እኔም ከነደረሰኝ ጥራዞቼ ግብር ላይ እደፋለሁ። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔው ነው። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ትልቋ ልጄ አባቷን ማየት ስትፈልግ ሱቅ መጥታ ማየት እንዳለባት ገብቷት፣ ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቁርጥራጭ እየለቃቀመች ትውላለች። የሠርግ ካርድ ቋንቋ ያጠናችው እዚያ ነው። አንድ ቀን የታጠፈ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ክቡር አባቴ፣ በቤታችን በሚደረገው የምሳ ግብዣ ላይ ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑ በታላቅ አክብሮት ተጠርተዋል። ማሳሰቢያ፦ ካርዱ የሚያገለግለው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ስልክዎን ይዘው መምጣት አይችሉም።»

ልማድ ሆኖብኝ መጀመሪያ ያየሁት ስህተቱን ነው። «ቀኑን ረስተሽዋል» አልኳት።

«አልረሳሁም አባዬ፤ ደንበኛው ሲወስን ይሞላል» አለች። አነጋገሩ የእኔ ነው።

እስክሪብቶ አንስቼ «እሑድ» ብዬ ጻፍኩ። እጇን ዘረጋች።

«ምንድነው?»

«ቀብድ።»

ልክ ናት። ቀብድ ያላስያዘ ደንበኛ ካርዱን ሳይወስድ እንደሚጠፋ በቀን አሥር ጊዜ ስናገር ሰምታለች። ኪሴን ብዳብስ ብር አልነበረም። ስልኬን አስያዝኩ። እየሮጠች ወጣች፤ እኔም ከንግድ ፈቃዴ ሥር «ያለ ደረሰኝ ሂሳብ አይክፈሉ» የሚለውን ማስታወቂያ እያየሁ ያለ ደረሰኝ ቀረሁ።