ቺንጋዋስ ጮኸች፣ እኛ ወዴት እንጩህ?

አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ከወፍ ቀድመው የሚቀሰቅሱን የጎረቤት መኪኖች ናቸው። ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተር ይነሣል፣ ከዚያ ያቺ ሰፈር የምታውክ ሲርታ ትከተላለች። ባለመኪናው አይደነግጥም። ኮፈን አይከፍትም። «ቺንጋ ናት፣ ስትሞቅ ትተዋለች» ይላል። እውነትም ስትሞቅ ትተዋለች፤ እሱም ይተዋታል። ሌሊት በዝናብ ርሳ ጠዋት እንደገና ትጮሃለች፣ እሱም እንደገና «ስትሞቅ ትተዋለች» ይላል። መኪና ያለን ሁሉ ይቺን ቃል ወይ ብለናታል፣ ወይ ተብሎልናል።

ለምን ትጮሃለች ብለን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ በመላሹ ቁጥር ልክ ነው። የታክሲ ሾፌሩ «ሳሙና አስነካት» ይላል። የጋራዡ ልጅ «ግሪስ ጠብ አርግባት» ይላል። መኪና አጣቢው «ውሃ ገብቷት ነው፣ ትደርቃለች» ይላል። ባለሱቁ የሚረጭ ነገር በቆርቆሮ አውጥቶ፣ ዋጋውን ነግሮ፣ «ይቺን ሞክራት» ይላል። ሳሙናው ለአንድ ቀን ዝም ያሰኛታል። ግሪሱ የበለጠ ያንሸራትታታል፣ ላስቲኳንም ይበላል። የሚረጨው ነገር ከአዲስ አበባ አቧራ ጋር ተጋብቶ ጭቃ ይሆናል። ሁሉም አፏን ለመዝጋት ይሽቀዳደማል፤ ምን እያለች እንደሆነ የሚሰማት የለም።

ነገሩ እኮ የተሰወረ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ፣ እጅንና የልብስን ጫፍ አርቆ፣ መስመር ባለው በውስጠኛ ጎኗ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ መርጨት ነው። ጩኸቷ ከበረታ ላልታለች፣ እየተንሸራተተች ነው። ለጊዜው ዝም ካለች ደግሞ ፑሌጃዎቹ አልተስተካከሉም፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ ብሏል። በቃ፣ ይኸው ነው ምርመራው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ ይቺን የምታህል ውሃ አትጠፋም።

የባትሪ መብራቷንስ ማን ይናገራት? ዳሽቦርድ ላይ ቀይ የባትሪ ሥዕል በራች ማለት በእኛ ዘንድ ባትሪው ሞተ ማለት ነው። ባትሪ ሻጩም ይህን እምነታችንን ያውቃል፣ ያከብራልም። ሞተር እየሠራ ያቺ መብራት ከበራች ግን የምትለው ሌላ ነው፤ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ነው የምትለው። የሚሞላው ዲናሞው ነው። ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋዋ ናት። እኛ ጋ ግን ምርመራው የሚጀምረው ከውዱ ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ መብራቷ አትጠፋም። ዲናሞው ወርዶ ይፈታል፤ መብራቷ አትጠፋም። ኤሌክትሪሻን ተጠርቶ ገመድ ይበጥሳል፣ ይቀጥላል፣ በፕላስተር ይጠቀልላል፤ መብራቷ ወይ ፍንክች። ሁሉም ተሞክሮ፣ ኪስም ተራግፎ ሲያበቃ አንዱ ጎንበስ ይልና ቺንጋዋን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋታል። እንደ ሮብ ጾመኛ አንጀት ገባ ትልለታለች። «ውይ፣ ላልታለች እኮ!» አዎ፣ ወንድሜ፣ ላልታለች። በራችን ላይ ስትጮህ የከረመችውም ይህንኑ ነበር።

ድሮ ቢያንስ ችግሩ ይከፋፈል ነበር። አንዷ ቺንጋ ለዲናሞና ለውሃ ፓምፕ፣ አንዷ ለመሪው፣ አንዷ ለኤሲ ነበሩ። አንዷ ብትበጠስ ሌሎቹ ቤት ያደርሱናል። በኋላ መሐንዲሶቹ ሁሉንም በአንዲት ረጅም ቺንጋ ማዞርን አመጡ። በ1979 እ.ኤ.አ. ፎርድ በሙስታንግ መኪናው ላይ አስገባት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቦታ ትቆጥባለች፣ ለመቀየርም ትቀላለች፤ አልካድንም። ስትበጠስ ግን ሁሉን ይዛ ትሄዳለች። ዲናሞው ይቆማል፣ የሃይድሮሊኩ መሪ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ በብዙ መኪኖችም የውሃ ፓምፑ ይቆምና የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይሮጣል።

የምትበጠስበትን ቦታ ስትመርጥ ደግሞ ለጉድ ነው። መንገዱ ሜዳ ሆኖ፣ ጋራዥ ፊት ለፊት እያለ አትበጠስም። ከጎሃ ጽዮን ተነሥተን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ስንወጣ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን፣ መኪናው እስከ ጣሪያው ተጭኖ፣ ያኔ ናት የምትበጠሰው። ከየት መጡ ሳይባል ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ «ራዲያተር ነው» ይላል። አንዱ «ቴርሞስታት ነው፣ ነቅለህ ጣለው» ይላል። አንዱ የሚፈላውን ራዲያተር ክዳን በጨርቅ ይዞ ሊከፍት ሲል ሌላው በጩኸት ያስጥለዋል። በስተመጨረሻ አንድ አዛውንት ሾፌር መጥተው በቀድሞ ጊዜ የሴት ስቶኪንግ ቋጥረው እንዴት ከተማ እንደገቡ ይተርኩልናል። እግዜር ይስጥዎ ጋሼ። የእርስዎ ዘመን ቺንጋ ቀጭንና አጭር ነበረች፤ የኛዋን ለመተካት ግን የስቶኪንግ ፋብሪካ ያስፈልጋል።

እንደምንም ተጎትተን እንገባለን። ቀጥሎ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ነው። በቺንጋዋ ጀርባ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ 4ፒኬ875 እንበል። አራቱ የመስመሯ ብዛት ነው፣ ፒኬ ዓይነቷ፣ 875 በሚሊ ሜትር ርዝመቷ። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር ምን አለ? ያም ሆኖ 875 ስንል 890 ይወጣልናል።

«ይቺ እኮ ትረዝማለች።»

«15 ሚሊ ናት ጋሼ፣ ትሳባለች።»

«875 የለም?»

«ይቺ ራሷ ናት፣ ጃፓን ኦሪጅናል፤ ለሁሉም ቪትዝ የምንሰጠው ይቺን ነው።»

ለሁሉም! እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚጮኸው ወዶ አይደለም።

ገጠማው ሌላ ፈተና ነው። የላላች ቺንጋ ጮኸች ተብሎ አዲሷ እንደ ክራር ጅማት ትወጠራለች። መካኒኩ ዲናሞውን በብረት ፈልቅቆ፣ እግሩን ሻንሲ ላይ አስደግፎ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ይጎትታል። «አሁን አትጮህም» ይለናል። እውነቱን ነው፣ አትጮህም። ከመጠን በላይ በመወጠሯ መጮህ የሚጀምረው የዲናሞው ኩሽኔታ ነው፤ ከዚያ የውሃ ፓምፑ። በእጅ በምትወጠረው ቺንጋ ላይ በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጫን ስትባል አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከገባች ብዙውን ጊዜ ደህና ናት። በስፕሪንግ ራሷን የምትወጥረዋ ደግሞ የሰው ጉልበት አትሻም፤ ስፕሪንጉ መድከም አለመድከሙን ማየት ብቻ ነው። የሚያይ የለም እንጂ። ፑሌጃው ውስጥ የደረቀውን ጭቃ የሚጠርግም የለም፤ ከላይ ጠብ ጠብ የሚለውን የሞተር ዘይት የሚያስቆምም የለም። አዲሷ ቺንጋ በአሮጌው ዘይት ውስጥ ትገባና በወሩ እናትየውን ትመስላለች።

«ገና ናት፣ አልተሰነጠቀችም» የሚሉንም አሉ። የድሮዎቹ የኒዮፕሪን ቺንጋዎች ሲያረጁ ይሰነጠቁ ነበርና ዓይን ይበቃ ነበር። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ሳይሰነጠቁ መስመራቸው እንደ ጎማ ጥርስ እየተበላ ያልቃል። መልኳ አማረ ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። ይህን ስንናገር ግን «ብር አታባክን» ተብለን እንገሠጻለን፤ ገሣጩ ባለፈው ወር አላስፈላጊ ባትሪ ያስገዛን ሰው ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ባለን አሮጌ መኪና መሰንበት ግድ ሆኗል። ኤሌክትሪክ የገዛው ጎረቤት ቺንጋ የሚባል ነገር እንደሌለበት በየጠዋቱ በዝምታ ያስታውሰናል። ይሁንለት፤ እሱም ቻርጅ ሊያደርግ ሲል መብራት ሲጠፋ እናገኘዋለን።

ይህ ሁሉ ስለ ውጭኛዋ ነው። በክዳን የተሸፈነችው፣ ጥርስ ያላት የታይሚንግ ቺንጋ ግን ጮኻ እንኳ አታስጠነቅቅም። ሁሉም መኪና ላይ አትገኝም፤ ብዙ ቪትዞች በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። የናፍጣ ሚኒባሶቻችን ግን በብዛት አለቻቸው፤ ስትበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፣ ቴስታታውም ይወርዳል። በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቀይሩኝ የምትል መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች። እኛ ጋ ስትበራ ቺንጋዋ አትቀየርም፤ አምፖሏ ትነቀላለች። ኪሎ ሜትሩም ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ መኪናው ለሽያጭ ይቀርባል። «ታይሚንጓ መቼ ተቀየረች?» ብለን ስንጠይቅ ባለቤቱ ይቆጣል። «ምን ማለትህ ነው? ሞተሯ ያልተነካ ነው!» ይላል፤ ደላላውም «ያልተነካ!» ብሎ ይደግመዋል፤ በዚያው ልክ ዋጋው ላይ ይጨመርበታል።