ልሂድ ያለን በቀይ እናስቀረው ወይስ በአረንጓዴ?

ዘመናችን ካፈራቸው ጥበቦች ሁሉ እንደዚህኛው የረቀቀ የለም። ሰውየው ዌብሳይት ከፍቶ፣ አይቶ፣ አልፈልግም ብሎ ሊወጣ ሲል ድንገት አንድ መስኮት ብቅ ይልና መንገዱን ይዘጋበታል፦ «ቆይ! 10 በመቶ ቅናሽ አለህ፤ ኢሜይልህን ብቻ ስጠን።» ይህ ገና ጅምሩ ነው። ሊቃውንቱ የሚጠበቡት ከዚህ በኋላ ነው። ከሚወጡት ሰዎች ለግማሾቹ ቀይ ቁልፍ፣ ለግማሾቹ አረንጓዴ ያሳያሉ፤ አንዱን «ቆይ»፣ ሌላውን «እባክህ ቆይ» ይሉታል። ከዚያም የትኛው ብዙ ሰው እንዳስቀረ ይቆጥራሉ። ይህን ኤ ቢ ቴስት ይሉታል፤ የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥልጠና የቀመሰ ሁሉ ስሙን እንደ ታቦት ስም በአክብሮት ያነሣዋል።

የዘዴው ትውልድ ግን ከእርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም፣ ከጥቂት ናሙና ተነሥቶ እንዴት መፍረድ እንደሚቻል የጻፈው ዊሊያም ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባልደረባ ነበር፤ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱም ገብስ ነበር። ሮናልድ ፊሸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ ውስጥ ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቶ፣ ማሳውን በመደብ እየከፈሉ የትኛው መደብ የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ በዕጣ የመወሰንን ሥርዓት አበጀ። በደቡብ ወሎ የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደገኛ ይህን ጥያቄ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። የትኛው ዘር ውርጭ ይችላል? የትኛው ማሳ ፍግ ይሻል? መልሱ የዓመት ቀለብ ነውና። እነሆ ይኸው ዘዴ መቶ ዓመት ተጉዞ ከገብስ ማሳ የቁልፍ ቀለም ላይ ደርሷል። ከዚህ ወዲያ ምን እድገት አለ!

«በግምትና በአለቃ ፈቃድ ከመወሰን መለካት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ይሻላል፤ ግን መለኪያው ይለካ። ቅናሹን ከሚያዩት 2 በመቶው ኢሜይሉን ይሰጣል እንበል፤ አዲሱ ቀለም ይህን ወደ 2.5 በመቶ ማሳደጉን በተለመደው የስታቲስቲክስ ጥንቃቄ ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ ቀለም ወደ 14,000 የሚጠጋ ሰው ያስፈልጋል። በቀን 200 ሰው የሚወጣበት የአገራችን ሱቅ በመስከረም መባቻ ቢጀምር ውጤቱን የሚያየው በጥር ነው። እስከዚያ የሚታገሥ ማን አለ? ባለሙያችን በሦስተኛው ቀን ሰንጠረዡን ገልጦ ያያል፤ አረንጓዴው 7፣ ቀዩ 4። «አረንጓዴ በ75 በመቶ በለጠ!» ብሎ ለአለቃው ይልካል። በየቀኑ እየገለጠ አይቶ ደስ ባለው ቀን ማቆም፣ ልዩነት በሌለበት ልዩነት እንደሚያስገኝ ማንኛውም የስታቲስቲክስ መምህር ይነግረዋል፤ ለመስማት ግን ከመስኮቱ ፊት ዘወር ማለት ይጠይቃል።

ደግሞም ማን ሊሄድ እንደሆነ በምን ታወቀ? በኮምፒውተር ላይ ማውሱ ወደ ገጹ አናት ሲሸሽ ፕሮግራሙ «ሊያመልጥ ነው» ብሎ ይነቃል። በቦረናዋ ከተማ በመካነ ሰላም ግን ኢንተርኔት ማለት በአብዛኛው ስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ማውስ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይገምታል፦ ወደ ገጹ አናት ፈጠን ብሎ የተመለሰ ሁሉ ከሃዲ ነው። ዋጋውን ደግሞ ሊያነብ የተመለሰው ምስኪን ገዢ ይያዝና «አትሂድብን» ይባላል። የሚያነበው በገዛው ሜጋባይት ነው፤ የሚለምነው መስኮት የሚጫነውም ከዚያው ፓኬጅ ነው፤ ልመናውን የሚከፍለው ተለማኙ ነው ማለት ነው። በአጭር ቁጥር መልእክት የሚያሰለቹን እንኳ «ለማቆም ስቶፕ ብለው ይላኩ» የሚል ጨዋነት አላቸው። ስለ መውጣት ካነሣን ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ የክልሉ ሕዝብ ከሁሉም ዌብሳይት በአንድ ጊዜ ወጣ። ያን ያህል ሰው ሲወጣ አንድም ቀይ ቁልፍ አለመብቀሉ ለሳይንሱ ምንኛ ከባድ ኪሳራ ነው!

ጠንከር ያለው መከራከሪያ የገበያው ነው። በመካነ ሰላም ገበያ ጀርባውን የሰጠ ገዢም «ኧረ ና! ተመለስ! ስንት አልክ?» ይባል የለም ወይ? ይባላል። ነገር ግን እዚያ ጨዋታውን ሁለቱም ያውቁታል። ሻጯ የገዢውን ፊት ታያለች፤ ከልቡ የሄደውን ትተወዋለች፤ ስለ ጠራችውም ስልክ ቁጥሩን አትጠይቀውም። የመስኮቱ ቅናሽ ግን ሳይከራከር የከፈለውን የሚቀጣ፣ ልሂድ ያለውን የሚሸልም ነው። ይህን የነቃበት ደንበኛ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል? ለመግዛት ሲመጣ አስቀድሞ የመሄድ ትርኢት ያሳያል፤ ባለሙያውም የትርኢቱን ተዋናዮች ቆጥሮ «መስኮቱ ሠራ» ይላል።

«ግን እኮ ኢሜይል ይሰበስባል» ይሉናል። ይሰብስብ፤ ተሰላችቶ ዳግም ያልመጣው ግን በየትኛው ዓምድ ተመዘገበ? ፖፕአፕ የሚባለውን የዚህን ብቅ ባይ መስኮት ኮድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ የጻፈው ኢታን ዙከርማን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ይቅርታ ጠይቋል፤ የእኛዎቹ ይቅርታ የተጠየቀበትን ዕቃ በሁለት ቀለም ያወዳድራሉ። በገብሱ ማሳ ላይ ምንም ማዳበሪያ ያልነካው መደብ ነበር፤ ማዳበሪያው መጥቀሙ የሚታወቀው ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። እዚህም ሦስተኛ ቡድን ይጨመር፦ ሲሄድ ማንም የማይጠራው፣ በሰላም የሚወጣ ሰው። ከዚያ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ከሦስቱ ቡድኖች ማን ተመልሶ እንደ ገዛ ይቆጠር። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ለአንድ ሦስተኛው ሰው መስኮቱን ማጥፋት ብቻ ነው። የመስኮቱ ሻጭ ክፍያውን የሚያስበው በሚታየው ገጽ ብዛት ከሆነ ግን፣ ይህን ሙከራ ያስጀምረናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ሰማያዊ ቁልፍ ቢያቀርብልን ይቀለዋል።