ለዓርማው እናልቅስ

የታረዘን ማልበስ ጽድቅ ነው ብለው ያሳደጉን ወላጆቻችን አንድ ነገር ሳይነግሩን ቀሩ፤ ልብሱ በቅድሚያ የማን ፈቃድ እንደሚያሻው። አይፈረድባቸውም፤ በእነሱ ዘመን ሹራብ ሹራብ ብቻ ነበር። ዛሬ ሹራብ ማለት ደረት ላይ የተጠለፈችው ምልክት ናት፤ የተረፈው ሱፍ እሷን ተሸክሞ የሚዞር አሽከር ነው። ስለዚህ ጉምሩክ ወደብ ላይ አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ፎርጅድ ጃኬት በያዘ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ «ማን በርዶታል?» ሳይሆን «ማን ይቀየማል?» የሚል ነው። ጎዳና የሚያድረው ሰው ቢቀየምም አይቆጠርለትም፤ ጠበቃ የለውማ።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ አርአያ ነው። የተያዘው ፎርጅድ ዕቃ ይወድማል። ዕቃው ለጤናና ለደኅንነት አስጊ ካልሆነና የንግድ ምልክቱ ባለቤት ከፈቀደ ግን፣ ምልክቱ በተቻለ መጠን እንዲጠፋ ተደርጎ ለሚፈልገው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሊሰጥ ይችላል። የምልክቱ ባለቤት ጃኬቱን አልሰፋውም፣ አልገዛውም፣ አላጓጓዘውም። እንዲያውም «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ በአደባባይ የሚመሰክረው እሱ ነው። የእኔ አይደለም ባለ ማግስት «ታዲያ ማን ይልበሰው?» ሲባል ደግሞ ፈራጁም እሱ ይሆናል። የካዱትን ዕቃ መንፈግ መቻል፤ እንዲህ ያለ ባለቤትነት ለወዳጅ ይስጥ።

እርግጥ አንጀት የሚላወስበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ውኃ ባስዋጣት ጊዜ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ በመጋዘን ያከማቸውን ፎርጅድ ልብስ ለተፈናቃዮች አድሏል። ሰማይ አልተደፋም፤ ታላላቆቹ የፋሽን ቤቶችም ቁልፋቸውን አልመለሱም። ለደሃው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጃኬት ከፈለገ መጀመሪያ ቤቱ በጎርፍ ይወሰድ፣ ቀጥሎ በቴሌቪዥን ይታይ። ካሜራ በሌለበት፣ በየክረምቱ እንዲሁ ዝም ብሎ የሚበርደው ደሃ ሥርዓት ያልተማረ ነው።

ደግሞ ቸርነት ቦታ አለው። ለተፈናቃዮቿ ፎርጅድ ያለበሰችው አሜሪካ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቻይናን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። ከክሱ አንዱ ክፍል የቻይና ጉምሩክ የወረሰውን ፎርጅድ ዕቃ የት እንደሚያደርሰው የሚመለከት ነበር። የቻይናው ደንብ ያኔ ተራ አበጅቶለት ነበር፦ ለሕዝብ በጎ አገልግሎት የሚውል ከሆነ ለቀይ መስቀልና ለመሰሎቹ መስጠት፤ ካልሆነ ለምልክቱ ባለቤት መሸጥ፤ እሱም ካልሆነ ምልክቱን አጥፍቶ ሐራጅ ማውጣት፤ ሁሉም ካልተሳካ ማውደም። እናም ሙሉ ልብስ የለበሱ ጠበቆች ጄኔቫ ተሰብስበው፣ ለቀይ መስቀል የተሰጠ ልብስ የምልክቱን ባለቤት ዝና ሊያጎድፍ እንደሚችል ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ይፋ የሆነው፣ ክርክሩን የዳኘው የድርጅቱ ፓነል ሪፖርት ሐራጁን ነቀፈ፤ ምልክቱን ብቻ ነቅሎ ዕቃውን ገበያ መልቀቅ ትሪፕስ የተባለው የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ከሚለው ጋር አይሄድም አለ። ስለ ስጦታው ግን አሜሪካ ክሷን አላስረዳችም ሲል ወሰነ። ለድሃ መስጠት ጥፋት መሆኑ ለጊዜው አልተረጋገጠም ማለት ነው። እፎይ።

እንግሊዞች ደግሞ ጨዋ ናቸውና መላ ዘይደዋል። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የንግድ ምልክት ሕጋቸው ፍርድ ቤቱ ልብሱ ከሚወድም ምልክቱ ተነቅሎ ወይም ተፍቆ ለሌላ እንዲሰጥ ማዘዝ ያስችለዋል። ሂዝ ቸርች የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ከአካባቢ መስተዳድሮች ፎርጅድ ልብስ እየተረከበ፣ የተጭበረበረውን ምልክት አጥፍቶ የራሱን እያደረገበት ለችግረኞች ሲያድል ቆይቷል። እሱ ይመስገን። የሚፈለግበትን ሥራ ግን ቀረብ ብለን እንየው። ጥልፉ በመቀስ ጫፍ ይተረተራል፤ ክሩ እየተለቀመ ይወጣል። ደረቱ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይቀራሉ፤ ጠጋ ብሎ ላያቸው ሰው የጠፋችውን ምልክት ቅርጽ አሁንም ያሳብቃሉ። ስለዚህ ሌላ ጨርቅ ይለጠፍባቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሹራቡ ሙቀት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የበረደው ሰውዬ ብቻ ትንሽ ቆይቶ ለበሰ።

«ፎርጅድ እኮ አደገኛ ቀለም ይኖረዋል፤ የሕፃን ልብሱ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፤ የተሰጠውም ልብስ ተመልሶ ገበያ ይወጣል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ጨርቁ ይመርመር፣ አደገኛው ይወገድ፣ ለማን እንደተሰጠ ይመዝገብ። ላብራቶሪ ግን የሚመረምረው ጨርቅን ነው፤ የባለቤቱን ኩርፊያ የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

ዋናው ፍርሃት ግን ሌላ ነው፤ ምልክቲቱ ደሃ ገላ ላይ ከታየች ክብሯ ይረክሳል ይባላል። ምስኪን! ታዲያ በናይሮቢው ጊኮምባ፣ በአክራው ካንታማንቶ በየቀኑ የሚፈታው ቦንዳ ምን ሊባል ነው? ሀብታም አገር ለብሶ የጣለው እውነተኛው ልብስ፣ ከነሙሉ ዓርማው፣ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል። እኛም ዘንድ ሰልባጅ ማስገባት በሕግ ክልክል ቢሆንም በኮንትሮባንድ ገብቶ ያላለበሰው ሰፈር የለም። የአሥር ሺህ ብር ጃኬት ለብሶ ቀን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም ጎረምሳ አይታችሁ አታውቁም? ያቺ ምልክት ደረቱ ላይ አቧራ ትቅማለች፤ መቀስ ይዞ የሚያባርረው ጠበቃ የለም። ኦሪጅናሉ ሲያረጅ ደሃ ይልበሰው፣ ፎርጅዱ አዲስ ሳለ ይቃጠል፤ ደሃ አዲስ ልብስ ከለመደ ማን ይችለዋል?

ታይላንድ በአደባባይ ሥነ ሥርዓት ፎርጅድ ዕቃ ዘርግታ ዳምጠው ታስኬድበታለች። ባለሥልጣን ይሰለፋል፣ ካሜራ ይደረደራል፣ ጫማና ቦርሳው ይደፈጠጣል። ፋብሪካውን ያቆመው ሰውዬ ግን ዳምጠው ሥር አይታይም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ነጋዴው ኪሳራውን ከሚቀጥለው ጭነት ያካክሳል፤ ልብሱ ግን ተይዞ ተቀጣ።

ለነገሩ ኦሪጅናል መሆንም ከእሳት አላዳነም። በርበሪ የተባለው የእንግሊዝ ፋሽን ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ የራሱን ዕቃ ማውደሙ ታወቀ። እሱም አንደበቱ አልታሰረም፤ ከቃጠሎው የሚወጣውን ኃይል ጥቅም ላይ እያዋልኩ ነው አለ። ጩኸቱ ሲበረታ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከዚህ በኋላ አላደርገውም ሲል ቃል ገባ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያልተሸጠ ልብስ ማውደምን በሕግ ከለከለች። ኦሪጅናሉ እንዲህ ተረፈ፤ ፎርጅዱ ወረፋውን ይጠብቅ።

እንግዲህ ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ሐሳብ አለኝ። የተያዘው ልብስ እንደ ወትሮው ይቃጠል፤ ዓርማዋ አትደፈር፣ ጠበቆቹም እንጀራቸውን አይጡ። ብቻ ማቃጠያው ከከተማ ዳር ወጥቶ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች የሚያድሩበት ሠፈር መሃል ይቁም፤ ቃጠሎውም በሌሊት ይሁን። በርበሪ እንዳስተማረን ኃይሉ ጥቅም ላይ ይዋል፤ ሰዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ጃኬቱን ይሙቁት። የእሳት ሙቀት እስካሁን በንግድ ምልክትነት አልተመዘገበም፤ ሳይመዘገብ በፊት ግን ቢፈጥኑ ይሻላል።